ተማሪዬ ዝም ስትል ምን ልጻፍ? ነርስ ፕራክቲሽነር ተማሪዎችን በተግባር ልምምድ ስለመቆጣጠር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከአሜሪካ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ በመሆናቸው አብረን አስተናግደናቸዋል። ለሙያው እንግዳ ለሆኑ አንባቢዎች ጥቂት ማብራሪያ እናስቀድም። ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው አስቀድሞ የነርስነት ፈቃድ ያገኘ፣ ከዚያም በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ተምሮ ሕመምተኛ የሚመረምር፣ በሽታ የሚለይና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው። ሥልጠናው በ1965 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነርሷ ሎሬታ ፎርድና በሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ተጀመረ። (ከእኛው ጤና መኮንን ጋር እያነጻጸሩ ለሚጠይቁን፦ የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ሐኪም በማይገኝበት ቦታ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ የማፍራቱ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።) ተማሪዎቹ ከክፍል ትምህርቱ በተጨማሪ በክሊኒክ ውስጥ በአንድ ባለሙያ ሥር ሆነው ይለማመዳሉ። ይህን ተቆጣጣሪ የሙያው ሰዎች ፕሪሴፕተር ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ቃል እንጠቀማለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አምደኛ፣ በሜሪላንድ በአንድ ክሊኒክ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ተማሪ ተቀበልሁ። እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን ተቀበይልኝ ብለው የለመኑኝም እሳቸው ናቸው። ተማሪዋ ሰዓት አክባሪ፣ ትሑትና ለሕመምተኛ የምታስብ ናት። የሕመሙን ታሪክ አሟልታ ትጠይቃለች፤ ስለ ሕመምተኛው የምትጽፈው ማስታወሻ (ኖት) ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሰባተኛ ሳምንታችንን ይዘን እንኳ «ታዲያ ምን ይመስልሻል?» ስላት ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ «እርስዎ ምን አሰቡ?» ብላ ጥያቄውን ትመልስልኛለች። አሁን ትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ግምገማ ቅጽ ልኮልኛል። ሁሉም ነገር መልካም ነው ብዬ ልለፈው ወይስ ያየሁትን ልጻፍ? ያየሁትን ብጽፍ እናቷን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

መልስ፦ ያዩትን ይጻፉ። ከመጻፍዎ በፊት ግን አንድ ነገር አጣርተው ማወቅ ይኖርብዎታል፤ ይኸውም ዝምታው የዕውቀት ማነስ ነው ወይስ የአስተዳደግ የሚለው ነው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ባለበት ቀድሞ ሐሳብ መስጠት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪዋ እዚህ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ብትሆን እንኳ ይህን ከእናቷ ጓዳ ይዛው መጥታ ሊሆን ይችላል። «እርስዎ ምን አሰቡ?» የሚለው መልስም ከአንዷ አፍ ሲወጣ አክብሮት፣ ከሌላዋ አፍ ሲወጣ ደግሞ መሸሸጊያ ነው። ሁለቱን የሚለየው የእርስዎ አጠያየቅ ነው።

«ምን ይመስልሻል?» የሚለው ጥያቄ ለዝምተኛ ተማሪ በጣም ሰፊ ነው። በፈንታው «ዛሬ እኔ ባልኖር ይህን ሰው ምን ብለሽ፣ ምን ሰጥተሽ ትሸኚው ነበር?» ብለው ይጠይቋት፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። በልብዎ እስከ ዐሥር ይቁጠሩ፤ ብዙዎቻችን ሦስት ላይ ሳንደርስ መልሱን ራሳችን እንናገራለን፤ ተማሪዋም ዝም ካለች መልሱ ከእኛ እንደሚመጣ ትለምዳለች። በ1992 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ሕክምና መምህራን ያቀረቡትና ዛሬ የአንድ ደቂቃ ፕሪሴፕተር በሚል ስም የሚታወቀው ዘዴም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ ተማሪው በመጀመሪያ የራሱን ውሳኔ እንዲናገር ይደረጋል፣ ቀጥሎ ለምን እንዳለው ይጠየቃል፣ ከዚያ አንድ አጠቃላይ ትምህርት ይሰጠዋል፣ ትክክል የሠራው ይነገረዋል፣ የሳተውም ይታረማል። (ስሙ አንድ ደቂቃ ይበል እንጂ እኔ በአምስት ደቂቃ ጨርሼው አላውቅም፤ በሕመምተኛና በሕመምተኛ መካከል ቀዳዳ በማይገኝበት ክሊኒክ ግን አምስት ደቂቃም ትልቅ ነገር ነው።)

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የ58 ዓመት ሰው ለሦስት ሳምንታት ደረቅ ሳል ይዞት ይመጣል። ትኩሳት የለውም፣ አልከሳም፣ አያጨስም፣ ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለደም ግፊት ሊሲኖፕሪል ጀምሯል። ተማሪዋ ይህን ሁሉ አንድም ሳታስቀር፣ ወደ አገር ቤት ሄዶ እንደ ነበር መጠየቋንም ጨምራ ትነግርዎታለች። «እኔ ባልኖር?» ሲሏት ብዙ ከጠበቁ በኋላ «ብሮንካይተስ ብዬ አንቲባዮቲክ እሰጠው ነበር» ልትል ትችላለች። ይህ መልስ የተሳሳተ ቢሆንም ከሰባት ሳምንት ዝምታ ይሻላል፤ አሁን የሚያስተምሩት ነገር አገኙ። «ምን አይተሽ?»፣ ቀጥሎም «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቋት። በመጨረሻ እንዲህ ይበሏት፦ «ወደ አገር ቤት ሄዶ እንደ ነበር መጠየቅሽ ትክክል ነው፤ ሳንባ ነቀርሳን ማሰብ ነበረብን። ሊሲኖፕሪልና የእሱ ወገን የሆኑ የግፊት መድኃኒቶች ደረቅ ሳል ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሳል ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ የመድኃኒት ዝርዝር እንመለከታለን። አንቺ ዝርዝሩን በትክክል ጽፈሽዋል፤ ነገር ግን አላነበብሽውም።» ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የተማሪዋን ችግር ከየትኛውም ቅጽ በተሻለ የምትገልጽ ይመስለኛል።

ለዚህ ሁሉ በቀን ሃያ ሕመምተኛ እያዩ ጊዜ እንደሌለዎት አውቃለሁ። ስለዚህ በሁሉም ሕመምተኛ ላይ አይሞክሩት። በማለዳ የቀኑን ቀጠሮ አብራችሁ ተመልከቱና ሁለት ሕመምተኞችን የእሷ ብለው ይለዩላት። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ከክፍሉ ወጥታ ወደ እርስዎ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ እንድትጽፍ ያድርጉ። በቃል ለመናገር የሚያፍር ሰው ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አያፍርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ሦስት ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ አስተዳደግ ነበር ማለት ነው፤ ድምፅዋም ቀስ በቀስ ይከፈታል። ወረቀቱም ባዶ ከሆነ ግን የዕውቀት ወይም ዕውቀትን የማገናኘት ችግር አለ፤ ያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ወደ ቅጹ ልመለስ። ከሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጣ አንድ መለኪያ አለ፤ ተማሪው መጀመሪያ ዘጋቢ፣ ቀጥሎ ተንታኝ፣ ከዚያም አስተዳዳሪ፣ በመጨረሻ አስተማሪ ይሆናል ይላል። ዘጋቢ ያየውንና የሰማውን በትክክል ያቀርባል፤ ተንታኝ ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል፤ አስተዳዳሪ ምን እንደሚደረግ ይወስናል። የእርስዎ ተማሪ ጥሩ ዘጋቢ ናት። በቅጹ ላይ የሚጽፉትም ይኸው ነው፦ «የሕመሙን ታሪክ አሟልታ ትወስዳለች፣ በጥንቃቄ ትመዘግባለች፤ ነገር ግን ያለ ረዳት የበሽታ ልየታ ዝርዝር ስታቀርብ እስካሁን አላየሁም።» «ደካማ ናት» አይበሉ፤ «ጥሩ ናት»ም አይበሉ። ያዩትን በቀንና በምሳሌ ያስቀምጡ። ቅጹን ከመላክዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ ለተመደበችው መምህርት ይደውሉ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ለተማሪዋ ራሷ ለብቻዋ ይንገሯት። በወረቀት ላይ ያነበበችው ነገር ከአፍዎ ቀድሞ እንዳይደርሳት። የአጋማሽ ግምገማ የተፈጠረውም ለዚህ ነው፤ ገና ጊዜ አለ፣ የማሻሻያ ዕቅድ ማውጣት ይቻላል፣ ሌላ ዓይነት ሕመምተኛ የሚታይበት ቦታም ሊፈለግላት ይችላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚነገር እውነት ግን ለማንም አይበጅም፤ ተማሪዋም «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ብትል መልስ አይኖርዎትም።

እኔ ራሴ በመጀመሪያዋ ተማሪዬ ላይ የተሳሳትሁት በዚህ ነው። ልጅቷ የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ሌሊት የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ደክሟት የምትመጣ። አሳዘነችኝና በሁሉም መስመር ላይ «ከሚጠበቀው በላይ» የሚለውን ሳጥን ሞላሁ። በሚቀጥለው መንፈቅ የተቀበለቻት ፕሪሴፕተር ደውላ በጨዋ ቋንቋ «ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ስታዝለት አገኘኋት፤ ካንቺ ጋር እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ አልገጠማችሁም ነበር?» አለችኝ። ገጥሞን ነበር። የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያሳየው ቁጥር ከ30 በታች ሲወርድ ሜትፎርሚን እንደማይሰጥ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ነግሬያት ነበር፤ በሌላ ሕመምተኛ ላይ ግን ራሷ እንድትወስን አድርጌ አይቻት አላውቅም። ይሉኝታዬ ለእሷ የጠቀማት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ከእኔ ያልሰማችውን ከማታውቀው ሰው፣ በበለጠ ኀፍረት ሰማችው።

የእናቲቱን ነገር በተመለከተ ሕጉ ራሱ ከይሉኝታ ያድንዎታል። የተማሪን የትምህርት መዝገብ ምስጢርነት የሚጠብቀው የ1974ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቱን የሚገዛ ሲሆን፣ እርስዎም ከትምህርት ቤቱ ጋር በተፈራረማችሁት ውል በኩል ይመለከትዎታል። ተማሪዋ ጎልማሳ ናት፤ ውጤቷን ለእናቷ የምትነግረው እሷ ብቻ ናት። በቅዳሴ ማብቂያ ላይ «ልጄ እንዴት ናት?» ቢሉዎት «እማማ፣ ይህን መናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ እሷን ይጠይቋት» ይበሉ። በዚህ ይቀየሙኛል ብለው አይስጉ፤ እዚህ አገር የኖረ ሰው ሁሉ የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቀውን ሕግ፣ «ሂፓ» የሚለውን ቃል ስለሚያውቅ፣ «ይህም ለተማሪ እንደዚያው ነው» ሲሏቸው ይገባቸዋል። ለወደፊቱ ደግሞ ተማሪ የሚቀበሉት በእናት ልመና ሳይሆን በትምህርት ቤቱ አስተባባሪ በኩል ይሁን። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዘመድን ፕሪሴፕተር ማድረግ ይከለክላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤት በደንቡ ውስጥ ባይገባም ከዘመድ ብዙ እንደማይርቅ እርስዎም ያዩት ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በሜሪላንድ አዲስ ነርስ ፕራክቲሽነር የመጀመሪያ ፈቃዷን ስታወጣ ለ18 ወራት አማካሪ እንዲኖራት ሕጉ ይጠይቃል። ይህ ግን አማካሪው ከጎኗ ቆሞ ይመለከታታል ማለት አይደለም፤ ስትጠራው የሚመልስ ሰው ነው። መጠየቅ የማትችል ልጅ ደግሞ አትጠራውም። ስለዚህ አሁን የሚያስተምሯት በሽታ መለየትን ብቻ አይደለም፤ «ይህን እርግጠኛ አይደለሁም» ማለትንም ነው። እርስዎ ራስዎ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ በእሷ ፊት «ይህን አላውቀውም፣ እንፈልገው» ቢሉና አብራችሁ ብትፈልጉ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ ይጠቅማታል።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የነርስ ፕራክቲሽነር ተማሪ ነኝ። አማርኛና ትግርኛ ስለምችል ፕሪሴፕተሬ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ አድርጋ ታሠራኛለች፤ ምርመራውን እሷ ታደርጋለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሰዓቱ በመዝገቤ ላይ ይሞላል፤ እኔ ግን የተማርሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ብናገር ቦታውን ላጣ እችላለሁ ብዬ እፈራለሁ። በዕድሜ ከእርስዎ አንሳለሁና አንቺ ይበሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛ ዝቅተኛውን ሕመምተኛን በቀጥታ የማከም ሰዓት ከ500 ወደ 750 ከፍ ያደረገው፣ ተማሪው በክሊኒክ ውስጥ ቆሞ እንዲውል አይደለም። የሚቆጠረው ሰዓት አንቺ የጠየቅሽበት፣ የመረመርሽበትና የወሰንሽበት ነው። አስተርጓሚ ሆነሽ የዋልሽውን ሰዓት እንደ ሕክምና ሰዓት መመዝገብ ሐቀኝነት የጎደለው መሆኑን አንቺም ስለተረዳሽው ይመስለኛል የጻፍሽልኝ። ሌላም ነገር አለ፤ ኦባማኬር የሚባለው የአሜሪካ የጤና መድኅን ማሻሻያ ሕግ አንቀጽ 1557 እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ይጠይቃል፤ ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ ደግሞ ብቁ አስተርጓሚ አይባልም።

ለፕሪሴፕተርሽ የምትነግሪያት ግን ሕግ በመጥቀስ አይሁን። ጠዋት የቀጠሮውን ዝርዝር ይዘሽ ሂጂና «እነዚህን ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች መጀመሪያ እኔ ልግባላቸው፣ መርምሬ ልንገርሽ፣ ከዚያ አንቺ ትግቢያለሽ፤ ለአንቺ ጥያቄዎች የስልክ አስተርጓሚውን እንጠቀማለን» በያት። ይህን ስትሰማ ጊዜ እንደምታተርፍላት ይታያታል። ቋንቋሽም ያኔ የአንቺ መሣሪያ ይሆናል። ለምሳሌ ለስኳር ግሊፒዛይድ የሚወስዱ እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መድኃኒቱን በማለዳ እየዋጡ እንደሆነ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ይህ መድኃኒት ሳይበሉ ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች ያወርዳል። ፕሪሴፕተርሽ «በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» ብላ ትጠይቅና «ሁለት ጊዜ» የሚል መልስ ታገኛለች፤ ሁለቱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሆናቸውን ግን አትገምትም። በረመዳን ለሚጾሙትም እንዲሁ ነው። ይህን አግኝተሽ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ስለመቀየር የራስሽን ሐሳብ አቅርበሽ ብትወጪ፣ ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ ብቻ ትሆኚ ዘንድ የምትፈቅድ አይመስለኝም።

ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ለውጥ ከሌለ ለትምህርት ቤትሽ መምህርት ንገሪ። ቦታውን የማጣት ፍርሃትሽ እውነተኛ ነው፤ ፕሪሴፕተር ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድና ተማሪዎች በየቴሌግራሙ፣ በየማኅበሩ እንዴት እንደሚለምኑ አያለሁ። ቢሆንም ለሚመጣው የሙያ ማረጋገጫ (ቦርድ) ፈተና የሚያዘጋጅሽ የተሞላ መዝገብ አይደለም።

ጥያቄ፦ በጆርጂያ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ። ተማሪ ብቀበል የእሷን ኖት መጠቀም እችላለሁ? መድኃኒትስ ማን ይፈርማል? በነጻ መሥራቱስ ለእኔ ምን ጥቅም አለው?

መልስ፦ ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ጀምሮ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን በሚያገለግለው የመንግሥት የጤና መድኅን ደንብ ተማሪዋ የጻፈችውን ኖት አይተውና አረጋግጠው መፈረም ይችላሉ፤ እንደገና መጻፍ ግዴታ አይደለም። ምርመራውንና የሕክምና ውሳኔውን ግን ራስዎ ማድረግ አለብዎት። በር ላይ ቆመው ሰምተው ሳይገቡ መፈረም አይፈቀድም። የግል የጤና መድኅን ኩባንያዎችና የክሊኒክዎ ደንብ ከዚህ የጠበቀ ሊሆን ስለሚችል የክፍያ ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ። ሕመምተኛውም ተማሪ እንደምታየው ይነገረውና ይፍቀድ፤ «ዛሬ እሷ አትግባ» ካለ ያለ ክርክር ይከበርለታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በትምህርት ቤቱና በክሊኒኩ መካከል ያለው ውል መፈረሙንና የተማሪዋ የሙያ ኃላፊነት መድን መኖሩን ያረጋግጡ።

ስለ ጥቅሙ፣ ጆርጂያ ያለ ክፍያ ተማሪ ለሚያሠለጥኑ ነርስ ፕራክቲሽነሮች የግብር ቅናሽ አላት፤ ሜሪላንድና ሃዋይም የየራሳቸው አላቸው። የሚፈለገው የሰዓት መጠንና ቅጹ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ከመጀመሪያው ቀን ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከተማሪው ወይም ተማሪን ከፕሪሴፕተር ከሚያገናኝ ድርጅት ክፍያ ከተቀበሉ ቅናሹን ሊያጡ ይችላሉ። የምስክር ወረቀትዎ ከአሜሪካ ነርሶች ማረጋገጫ ማዕከል ከሆነ ደግሞ 120 ሰዓት ያሠለጠኑበት በየአምስት ዓመቱ ለሚደረገው እድሳት ይቆጠርልዎታል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ተማሪዋ ትጽፋለች፣ እርስዎ ይፈርማሉ። የይለፍ ቃልዎን «አንቺው ላኪው» ብለው አይስጧት፤ በተለይ በሕግ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ከሆነ።